ያልተመለሰው ባዶ ሳጥን፦ ኮምፒዩተር አከራዮችን ቀስ በቀስ የሚያደኸየው ፍሳሽ

የቢራ አከፋፋይ ሀብቱን የሚቆጥረው በባንክ ደብተሩ ብቻ አይደለም። ግቢው ውስጥ የተደረደረው ባዶ ሳጥንም ገንዘብ ነው። ባዶውን ሳያስረክብ ሙሉውን አይጭንም። ከየግሮሰሪው የሚሰበሰበው ባዶ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት እየጎደለ ቢመጣ በመጀመሪያው ወር ልብ የሚለው የለም። በስድስተኛው ወር ግን የጭነት መኪናው ግማሹን ብቻ ጭኖ ይመለሳል። ገበያው አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ፋብሪካውም ቢራ አላነሰውም። የጠፋው ማመላለሻው ነው።

ኮምፒዩተር በሚያከራየው ኢንዱስትሪ ውስጥ ከዚህ የማይለይ ጉድለት አለ። ባለሙያዎቹ «ሊክ» ይሉታል፤ ማፍሰስ ማለታቸው ነው። ሌባ የለበትም፣ የተሰበረ ዕቃም አይታይበትም። አንድ ፕሮግራም ለሥራው የተበደረውን ሜሞሪ ሥራው ሲያልቅ ሳይመልስ ይቀራል። ነገሩ የቴክኒሻኖች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሒሳቡ የሚያርፈው በአከራዩ ትርፍና በተከራዩ ገበያ ላይ ስለሆነ ነጋዴም ሊያውቀው ይገባል።

አማዞን «ኢሲቱ» የተሰኘውን የኮምፒዩተር ኪራይ እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ንግዱ የቆመው በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው። አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ይገዛል፤ በሶፍትዌር ብዙ ቦታ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ማሽን መስሎ ለተለያየ ደንበኛ ይከራያል። ክፍሉ «ቨርችዋል ማሽን» ይባላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰርቪስ ቤት ሠርቶ እንደማከራየት ያለ ነው። ትርፉ የሚገኘው ከጥግግቱ ነው፤ በአንድ ማሽን ላይ አሥር ተከራይ የሚያኖርና ሃያ የሚያኖር አከራይ እኩል አያተርፉም። ለዚህም ነው ሜሞሪ በዚህ ንግድ ውስጥ እንደ መጋዘን ስፋት የሚታየው። የፈሰሰው ሜሞሪ ደግሞ በር ተቆልፎበት ቁልፉ የጠፋ ክፍል ነው፤ ኪራይ አያስገባም፣ ወጪው ግን አልቀረም።

ፍሳሹ በብዛት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የኔትወርክ ድራይቨሩ ነው። ድራይቨር ማለት ማሽኑን ከዕቃው ጋር የሚያነጋግር ፕሮግራም ሲሆን፣ በቨርችዋል ማሽን ላይ ግን ሁለት ፊት አለው። አንዱ ፊት በተከራዩ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው በአከራዩ በኩል ሆኖ የኔትወርክ ካርድ መስሎ ይሠራል። እውነተኛ ካርድ በመካከላቸው የለም፤ ያለው የጋራ ወረፋ ብቻ ነው። ተከራዩ ባዶ የሜሞሪ ቁራጮችን በወረፋው ላይ ይደረድራል። ከውጭ መልእክት ሲመጣ አከራዩ ከባዶዎቹ አንዱን ያነሣል፣ ይሞላል፣ «ሞልቼልሃለሁ» ብሎ ይመልሳል። ባዶ ሳጥን ይሄዳል፣ ሙሉ ሳጥን ይመጣል። በሥራ በተጠመደ ማሽን ላይ ይህ በሰኮንድ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሊፈጸም ይችላል።

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት የወረፋ ሥርዓት «ቨርትአይኦ» ይባላል። አውስትራሊያዊው ፕሮግራመር ረስቲ ራስል ያወጣው ሲሆን ዓላማውን የሚያስረዳው ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ2008 ታትሟል። በአከራዩ በኩል የካርዱን ሚና ከሚጫወቱት ፕሮግራሞች ዋነኛው «ኪውኤሙ» ነው፤ ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር በ2003 የጀመረው ነው። ከእርሱ ጋር ተጣምሮ የሚሠራው «ኬቪኤም» የተወለደው ኩምራኔት በተባለ የእስራኤል ኩባንያ ውስጥ ነበር። ሬድ ሃት በ2008 ኩምራኔትን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2019 ደግሞ አይቢኤም ሬድ ሃትን ራሱን በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። ሦስቱም ሶፍትዌሮች ማንም በነጻ የሚወስዳቸው መሆናቸው አይዘነጋ። ገንዘቡ የሚከፈለው ለሚጠግናቸው ሰው ነው።

ስለ ጥገና ከተነሣ፣ ከ2021 እስከ 2022 የሆነው ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ምሳሌ ይሆናል።

አንዳንድ መልእክት ከአንድ ሳጥን በላይ ይሆናል። በዚህን ጊዜ አከራዩ ሦስት ወይም አራት ሳጥን አከታትሎ ይሞላና በመጀመሪያው ሳጥን ራስጌ ላይ «ይህ ጭነት አራት ሳጥን ነው» ብሎ ቁጥሩን ይጽፋል። ችግሩ ቁጥሩ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው። የኪውኤሙ አሮጌ አሠራር እያንዳንዱን ሳጥን እንደሞላ ወዲያው ከእጁ ይለቀው ነበር። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ቁጥሩን ለመጻፍ ወደ መጀመሪያው ሳጥን ይመለሳል። ግን ሳጥኑ በዚያን ጊዜ የእርሱ አይደለም። አንዳንዴ ቦታው ለሌላ ሥራ ተሰጥቶ ይገኛል። በሰው ዕቃ ላይ እንደመጻፍ ነው፤ ተንኮለኛ ተከራይ ካወቀበት የአከራዩን ፕሮግራም ሊጥልበት፣ ከዚያም አልፎ የራሱን ትእዛዝ ሊያስፈጽምበት የሚችልበት ቀዳዳ ነበር። ግድፈቱ በዓለም አቀፉ የመዝገብ ቁጥር ሲቪኢ-2021-3748 ተብሎ ተመዘገበ።

በ2021 መስከረም የተጻፈው ጥገና ሲያዩት የሚያረካ ነው። ሳጥኖቹ ሲሞሉ አንድ በአንድ አይለቀቁ፤ በአንድ ጥግ ይደርደሩ፤ ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቁ ይላል። አዲሱ አሠራር በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ከወጣው ከኪውኤሙ 6.2 ጋር ለተጠቃሚ ደረሰ። ጉዳዩ የተዘጋ መሰለ።

ሆኖም ሁሉም ጭነት እስከ መጨረሻው አይደርስም። ሁለት ሳጥን ተሞልቶ ሦስተኛው ባዶ ሳጥን ከወረፋው ላይ ቢጠፋ፣ ወይም ተከራዩ የሰጠው ሳጥን የተበላሸ ቢሆን፣ አከራዩ ሥራውን አቋርጦ ይወጣል። በአሮጌው አሠራር ሲወጣ በእጁ ብዙ አይኖርም ነበር፤ የሞላውን ቀድሞ ለቅቋልና። በአዲሱ ግን ጥግ ላይ የደረደራቸው ሳጥኖች አሉ። የሚለቃቸው መስመር ያለው በስኬቱ መንገድ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። በውድቀቱ መንገድ የሚወጣው ሳይለቃቸው ይወጣል። ሳጥኖቹም የማንም ሳይሆኑ እዚያው ይቀራሉ።

ስድስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ፣ በመጋቢት 2022፣ የመጀመሪያውን ጥገና የጻፈው ባለሙያ ራሱ ሁለተኛውን ጻፈ። በማስታወሻውም የቀደመው ጥገና ሥራው ሲከሽፍ የተደረደሩትን መልቀቅ እንደዘነጋ በግልጽ አሰፈረ። ይህም የራሱን ቁጥር አገኘ፦ ሲቪኢ-2022-26353። መፍትሔው ጥቂት መስመር ነው። ሥራው ሲከሽፍ ሁሉም መንገድ ወደ አንድ በር እንዲመጣ ተደረገ፤ በበሩ ላይ የተደረደረው ሁሉ ይለቀቃል። ኪውኤሙ 7.0 በሚያዝያ 2022 ሲወጣ ፍሳሹ ተደፍኖ ነበር።

እዚህ ላይ ለንግድ ሰው የሚጠቅም ነጥብ አለ። ብዙ የሶፍትዌር አከፋፋዮች ለደንበኛ የሚሰጡት የቆየውን ቅጂ ነው፤ አዳዲስ ጥገናዎችን ብቻ ወደ አሮጌው እየመለሱ ይከቱበታል። የ2021ን ጥገና የመለሰ አከፋፋይ እንግዲህ ፍሳሹንም አብሮ ወስዷል ማለት ነው። ስለዚህ «እኛ ዘንድ ያለው ከ6.2 የቆየ ስለሆነ አይመለከተንም» የሚል መልስ የሚያጠግብ አይደለም። መጠየቅ ያለበት የቅጂው ቁጥር ሳይሆን ሁለቱም ጥገናዎች መግባታቸው ነው።

ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2015 መጨረሻ የተገኘው ግድፈት ኪውኤሙ «ቪኤምኤክስኔት3» የተባለውን የቪኤምዌር ካርድ ሲያስመስል የሚፈጠር ነበር። ተከራዩ ካርዱን «ተነሣ» ብሎ ሲያዝዘው አከራዩ ሜሞሪ ይመድብለታል። ካርዱ ቀድሞ ተነሥቶ እንደሆነ ግን አይጠይቅም ነበር። ደግሞ «ተነሣ» ሲባል እንደገና ይመድባል፣ የፊተኛው ይረሳል። ካርዱ ሲጠፋም የተመደበለት በሙሉ አይመለስም። በተከራየው ክፍል ውስጥ ሥልጣን ያለው ሰው ይህንኑ አንድ ትእዛዝ እየደጋገመ የአከራዩን ሜሞሪ ሊጨርስ ይችል ነበር። ሌላ ብልሃት አያስፈልገውም። በ2013 መጀመሪያም በሊነክስ ውስጥ በሚገኘው የ«ዜን» የአከራይ ወገን ድራይቨር ላይ ሥራው በተወሰነ መንገድ ሲከሽፍ ሜሞሪ እንደሚፈስ ታውቆ በሊነክስ 3.7.8 ተስተካክሏል። ሦስቱም ጊዜ ሰውየው የሚጎዳው አከራዩን ብቻ አይደለም። በዚያው ማሽን ላይ የሚኖሩት ሌሎቹ ተከራዮች ባላወቁት ነገር አብረው ይወድቃሉ። ኢኮኖሚስቶች ይህን የውጭ ጫና ይሉታል፤ ጎረቤት ቧንቧውን ከፍቶ ሲሄድ የግቢው ውኃ ሂሳብ ለሁሉም እንደሚካፈለው ያለ ነው።

በቁጥር ቢታይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በአንድ ክሽፈት 2 ኪሎባይት ይፈስሳል እንበል። ክሽፈቱ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ በቀን ወደ 3 ሜጋባይት፣ በዓመት ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። ማንም አያየውም፤ ማሽኑም ከዚያ በፊት ለሌላ ምክንያት ጠፍቶ ይበራል። ክሽፈቱ በሰኮንድ መቶ ጊዜ ከሆነ ግን በሰዓት 720 ሜጋባይት፣ በቀን ከ17 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። 64 ጊጋባይት ያለው ማሽን አራት ቀን አይሞላውም። በሁለቱ መካከል የኮድ ልዩነት የለም። የተለየው የገበያው ሁኔታ ነው፤ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ፣ ግብይቱ ሲደራ፣ ወይም አንድ ሰው ሆን ብሎ ሲያከሽፍ። ፍሳሹ ሰላማዊ በሆነ ወር ተኝቶ የሚነሣው በበዓል ዋዜማ ነው።

ብዙ መሥሪያ ቤት ይህን በሽታ የሚያስታግሰው አጥፍቶ በማብራት ነው። ማሽኑ ሲጠፋ የፈሰሰው ሁሉ ይመለሳል፤ በሽታው ግን አብሮ ይነሣል። በየእሑድ ሌሊት ማሽን የሚያስነሣ ድርጅት ለምን እንደሚያስነሣ የሚያስታውስ ሠራተኛ ላይኖረው ይችላል። ልማዱ ብቻ ቀርቷል። እንዲያውም እንዲህ ያለ ልማድ ያለበት ቦታ ላይ ፍሳሽ አለ ብሎ መጠርጠር ከስህተት አይቆጠርም።

ፍሳሽን ማግኘት ለምን ይከብዳል ቢባል፣ መልሱ የውድቀት መንገድ እምብዛም የማይኬድበት መሆኑ ነው። ቢሮ የሚከፍት ሰው ቤት ይከራያል፣ ስልክ ያስገባል፣ ዘበኛ ይቀጥራል፤ በመጨረሻ ፈቃዱ ቢከለከል የጀመረውን ሁሉ በተገላቢጦሽ ማፍረስ ይኖርበታል። ዘበኛውን ያሰናብታል፣ ስልኩን ያዘጋል፣ ቁልፉን ይመልሳል። ድራይቨርም ሲነሣ ሜሞሪ ይይዛል፣ ወረፋ ይከፍታል፣ ጥሪ የሚቀበልበትን መስመር ያስመዘግባል። ሦስተኛው ላይ ከከሸፈ የያዛቸውን ሁለቱን መልቀቅ አለበት። በሊነክስ ድራይቨሮች ዘንድ የተለመደው ዘዴ በፕሮግራሙ ግርጌ ላይ የማፍረሻ ደረጃዎችን ደርድሮ ሥራው በከሸፈበት ልክ ወደሚስማማው ደረጃ መዝለል ነው። ዘዴው ጥሩ ነው። ይሁንና ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው መጥቶ መሐል ላይ አንድ አዲስ ነገር ሲይዝ ግርጌው ላይ አንድ ደረጃ መጨመር ይረሳል። የ2021 ታሪክም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የሚለቀቅበት ጊዜ ሲቀየር የሚለቀቅበት ቦታም ሁሉ መቀየር ነበረበት።

መሣሪያዎች አልጠፉም። ሊነክስ ከ2009 ጀምሮ «ኬሜምሊክ» የሚባል ቆጣሪ አለው፤ ማንም የማያመለክትባቸውን የሜሞሪ ቁራጮች እየፈለገ ያወጣል፣ ልክ ባለቤታቸው ያልታወቀ ሳጥኖችን በመጋዘን ውስጥ እንደመቁጠር። ሆን ብሎ ሥራን የሚያከሽፍ መፈተኛም አለ፤ ሜሞሪ ሲጠየቅ «የለም» እያለ ድራይቨሩን በውድቀት መንገድ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ከሁሉም የሚሻለው ይኸኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ያልተሄደበትን መንገድ ሄዶ ከማየት የተሻለ ፈተና የለምና። ሦስተኛው መንገድ ቋንቋውን መለወጥ ነው። አማዞን በ2018 ይፋ ያደረገው «ፋየርክራከር» የተጻፈው «ረስት» በተባለው ቋንቋ ነው። በረስት የተያዘ ዕቃ ባለቤቱ ሲወጣ በራሱ ይለቀቃል፤ መልቀቅን የሚያስታውሰው ፕሮግራመሩ ሳይሆን ቋንቋው ነው። ረስት ፍሳሽን ፈጽሞ ያስቀራል ብሎ ግን የሚምል የለም፤ የቋንቋው አዘጋጆችም እንዲህ ያለ ተስፋ አልሰጡም።

ይህ ሁሉ ለገበያው ምኑ ነው? በኅዳር 2023 ብሮድኮም ቪኤምዌርን ጠቅልሎ ከያዘ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚሠራበት የፈቃድ ሽያጭ ቀርቶ የደንበኝነት ክፍያ ብቻ ሆነ። የብዙ ደንበኛ ሂሳብ ናረ። ኤቲ ኤንድ ቲ በ2024 ክስ መሥርቶ፣ የቀረበለት ጭማሪ 1,050 በመቶ እንደሚደርስ አመልክቶ ነበር፤ ጉዳዩ በኋላ በስምምነት ተዘግቷል። በዚህ የተነሣ ከቪኤምዌር ወጥቶ በኬቪኤም ላይ ወደ ተሠሩ ሥርዓቶች የሚጓዘው ብዙ ሆነ። ጉዞው ዋጋ ይቀንሳል። የሚቀየረው ግን አከራዩ ብቻ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ተከራይ ማሽን ውስጥ ያለው የኔትወርክ ድራይቨርም ከቪኤምኤክስኔት3 ወደ ቨርትአይኦ ይለወጣል። ለዓመታት በአንድ መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሥራ በአዲስ መንገድ ይሄዳል፤ አዲሱ መንገድ ሲከሽፍ ምን እንደሚሆን ድርጅቱ በራሱ ቤት ፈትኖት አያውቅም። የፈቃዱን ቁጠባ በወረቀት ላይ የሚያሰላ የፋይናንስ ኃላፊ የፈተናውን ወጪ አብሮ ካላሰላ ግማሹን ብቻ ነው ያሰላው።

አዲስ አበባም ከዚህ ውጭ አይደለችም። ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል፤ በአይሲቲ ፓርክ የግል የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሲከፈት የአክሲዮን ግብይትም ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር የሚሄድበት በር ተከፍቷል። አገናኝ ድርጅቶችና አስመጪዎች ኮምፒዩተር ከመግዛት ይልቅ መከራየቱን ማስላታቸው የሚቀር አይደለም።

በሚከራዩበት ጊዜ የሚፈርሙትን ውል ማንበቡ አይከፋም። የአማዞንን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ማሽኖቹን በተለያዩ ማዕከላት ላሠማራ ደንበኛ በወር 99.99 በመቶ አገልግሎት ቃል ይገባል። ይህ በ30 ቀን ውስጥ ከ4 ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ መቋረጥ ማለት ነው። ከዚያ ሲያንስ 10 በመቶ፣ ከ99 በመቶ ሲያንስ 30 በመቶ፣ ከ95 በመቶ ሲያንስ ሙሉው ክፍያ ይታሰብለታል። ካሳው በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም፤ ከሚቀጥለው ሂሳብ ላይ የሚቀነስ ነው። የጠፋው የኪራይ ዋጋ እንጂ የጠፋው ገበያ አይካስም። ከዚህም በላይ ተቋረጠ የሚባለው ማሽኖቹ ከውጭ ጋር ጨርሶ መገናኘት ሲያቅታቸው ነው። ሜሞሪው ቀስ በቀስ እያለቀ የሚንቀራፈፍ፣ ትእዛዝ ለመቀበል ሦስት ሰኮንድ የሚፈጅ፣ ግን ያልሞተ ማሽን በዚህ ውል ዓይን ጤነኛ ነው።

በመሆኑም ውል ከመፈረሙ በፊት ለአከራዩ ሊቀርቡ የሚገባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። የኔትወርክ ድራይቨሩ ምን እንደሆነና የመጨረሻው ጥገና መቼ እንደገባ፣ የአከራዩ ማሽኖች ሜሞሪ አጠቃቀም በወራት ርዝመት ይለካ እንደሆነ፣ ማሽኖቹ በየስንት ጊዜው እንደሚነሡና ለምን እንደሚነሡ። ለመጨረሻው ጥያቄ «ልማዳችን ነው» የሚል መልስ የሚሰጥ አከራይ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ቢያንስ የሦስት ወር የሜሞሪ መዝገቡን እንዲያሳይ ይጠየቅ። መዝገቡ ላይ ያለው መስመር ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ወርዶ ከዚያ ሳያርፍ የሚወጣ ከሆነ፣ ሳጥኖቹ የት እንደቀሩ የሚያውቅ ሰው በዚያ ቤት የለም።